ርኅራኄና ደስታ፤ የሸክም ጥያቄ

(ለማኅበራችን አባላት ከተደረገ ንግግር)



ስለ ርኅራኄና ስለ ደስታ እንድናገር ስጋበዝ፣ ርእሱ ለሰባኪ እንጂ ለመሐንዲስ አይስማማም የሚል እንደማይጠፋ ገምቼአለሁ። ይሁን እንጂ ርኅራኄ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥራ ሥርዓትም መሆኑን በተግባር ያሳዩን ሰው የወጡት፣ ብዙዎቻችን ለመንገድና ለውሃ ሥራ ከምንመላለስበት ከምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ነው።

በ1982 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ፣ 14ኛው ዳላይ ላማ፣ በየአገሩ እየተዘዋወሩ ሲያስተምሩ ኖረዋል። የትምህርታቸውም ፍሬ ነገር ለሌላው የሚራራ ሰው ራሱ ደስታን ያገኛል የሚል ነው። አድማጩ ይህን ሰምቶ ልቡ ይነካል። ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ግን እጁ ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ጥያቄ በእስቴና በስማዳ አገር ያደጉት፣ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱት ዙምራ ኑሩ አንድ መልስ ሰጥተዋል። አውራ አምባን ከጎበኙት ጋር ተቀምጬ እንደ ሰማሁት፣ የትምህርታቸው መነሻ የልጅነት ጥያቄ ነው። እናትና አባት እኩል በእርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ፣ ልጅ ያጥባሉ። የሁለት ሰው ሸክም ስለምን በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ይወድቃል?

ዙምራ ይህን ጥያቄ ይዘው ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በፎገራ የአውራ አምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላም ተመለሱ። በ2002 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በመንደሩ ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንድ ይጋግራል፣ ይፈትላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ ለችግረኞች የሚውል የሥራ ቀንም ተለይቷል። ከጭቃ የተሠራው ምድጃ እንኳ ማገዶን የሚቆጥብና ዐይንን ከጢስ የሚያድን ሆኖ ታስቦበታል።

በእኔ አስተያየት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጭነት በአንድ ዓምድ ላይ ብቻ ሲያርፍ ያ ዓምድ ይሰነጠቃል፤ በብዙ ዓምዶች ላይ ሲከፋፈል ግን ቤቱ ይጸናል። ርኅራኄ ማለት የተሰነጠቀውን ዓምድ አይቶ ማዘን ብቻ ሳይሆን ጭነቱን እንደገና ማከፋፈል ነው። ደስታም ሥራ በማጣት ሳይሆን ሸክምን ለብቻ ባለመሸከም የሚገኝ ይመስለኛል።

ይህን ስል ሁላችን የአውራ አምባን አኗኗር እንከተል ማለቴ አይደለም። በአኗኗሩ የማይስማሙ ጎረቤቶች ነበሩ። ጋይንትም ቢሆን የራሱ የርኅራኄ ሥርዓት አለው። በቤተልሔም ድጓን፣ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕትን ለመማር ከሩቅ አገር የመጣውን የቆሎ ተማሪ ሲመግብ የኖረው፣ ራሱ የሚበላው የማይተርፈው ገበሬ ነው። ደቦውም ሆነ ዕድሩ ሸክምን የመከፋፈል ጥበብ ነው።

እኛስ? ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ ዋስትና ችግር የጸናባቸው ወረዳዎች መሆናቸው የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የእጅ ፓምፕ ተክለን፣ መርቀን፣ ቁጥሩን በሪፖርት አስፍረን እንመለሳለን። ፓምፑ ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ ግን እንስራ አዝላ ገደል የምትወርደው ሴት በየትኛውም ሪፖርታችን ውስጥ አትገኝም። ስሌታችን ትክክል ሆኖ ሳለ ሸክሙ ወደ እርስዋ ጀርባ ተመልሷል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ በምንነድፈው ፕላን ሁሉ ላይ «ይህ ቢበላሽ ሸክሙ በማን ላይ ይወድቃል?» የሚል ጥያቄ ከነመልሱ እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አባል በወር አንድ ቀን የተበላሹ የውሃ ተቋማትን ለመጠገንና የመንደር ጠጋኞችን ለማሠልጠን እንዲሰጥ ነው። አንድ የገበሬ መንደር ለችግረኞች ቀን መለየት ከቻለ፣ ለእኛ የሚከብድ አይሆንም።