ከሰፌድ እስከ ጀበና፦ ቡናችንን መምረጥና ማስቀመጥ

(በማኅበራችን የዓመት ዝግጅት ላይ ቂርያት ጋት ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቡና ልናወራ ነው። «ቡና ደግሞ ምን ወሬ አለው? አፍልቶ መጠጣት ነው እንጂ» የምትሉ አትጠፉም። ግን በየቤታችን የምናየው ነገር አለ። እናት ሰፌድ ይዛ ቡና ስትለቅም ልጅ ስልኩ ላይ ነው። ሲያምረው ከሱፐር የተገዛውን የተፈጨ ቡና ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ ፈረንጆቹ እንደሚሉት «ቦጽ» ያደርጋል። ሁለቱም ቡና ይጠጣሉ፤ አብረው ግን አይጠጡም። የእናቶቻችን እጅ የሚያውቀው አልተጻፈም፤ እኛ ካልተማርነው እዚያው ይቀራል።

ከመምረጥ እንጀምር። ስትገዙ «የየት ቡና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ከበድ ይላል፣ የፍራፍሬ ጣዕም አለው። የታጠበ ይርጋጨፌ ግን ቀለል ያለ፣ አበባ አበባ የሚሸት ነው። ኢትዮጵያ በ2007 እ.ኤ.አ. ከስታርባክስ ጋር በሐረር፣ በሲዳሞና በይርጋጨፌ ስሞች ላይ ስምምነት የተፈራረመችው ስሙ ራሱ ዋጋ ስላለው ነው።

ቀጥሎ ዓይንና አፍንጫ ነው። አዲስ የታጠበ ቡና አረንጓዴ ነው፤ ከነጣ አርጅቷል ማለት ነው። የሐረር ግን በተፈጥሮው ወደ ቢጫ ያደላል፣ እንዳትሳሳቱ። ሻጋታ ወይም ጆንያ ከሸተተ ተዉት። ሰፌድ ላይ አፍስሳችሁ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ ስባሪውን ልቀሙ። ስባሪው ቀድሞ ያርራል፤ ሙሉው ገና ሳይበስል ጀበናውን ያመርረዋል። ከተቆላ በኋላም ገርጥቶ የቀረ ፍሬ ካለ ሳይበስል የተለቀመ ነውና አውጡት።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። የቂርያት ጋትን በጋ ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባ የመጣውን ቡና ሚርፔሴት ላይ ወይም ከምድጃው በላይ እናስቀምጣለን። ቡናን የሚያበላሹት ሙቀት፣ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ናቸው። ጥሬ ቡና በደረቅና ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከበርበሬና ከኮረሪማ ግን አርቁት፤ ሽታ ይስባል።

የተቆላው ዕድሜው አጭር ነው፤ በደንብ በሚከደን ዕቃ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነው ጥሩ የሚሆነው። የተፈጨውማ መዓዛው በሰዓታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉ። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ወደ 850 ግራም ስለሚወርድ ስትገዙ አስቡበት። ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡት፤ በከፈታችሁት ቁጥር እርጥበት ይይዛል፣ የወጡንም ሽታ ይጠጣል።

«ሰንበትስ?» ትሉ ይሆናል። በሰንበት አይቆላም፣ አይፈጭም። የሰንበቱን ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ቆልታችሁ ፈጭታችሁ፣ በትንሽ ዕቃ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑት። ዕቃው ትልቅ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር መዓዛውን ይወስደዋል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ልጆቹን «ተው፣ ታቃጥለዋለህ» ብላችሁ ከብረት ምጣዱ አታርቋቸው። አንድ ምጣድ ቢያርር ምንም አይደል። ወጣቶች ደግሞ፣ አማርኛችን ተሰባበረ ብለን አንፈር። የእኛ አማርኛ ቢያጥር፣ የእናቶቻችን ዕብራይስጥ ቢያጥር፣ ሰፌዱ ፊት ሁለታችንም አንድ ሥራ አለን፤ ወሬውም ከዚያው ይመጣል።

በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ጊዜ ከእናታችን ወይም ከአያታችን ጋር ቡና እንልቀም፣ እንቁላም። ለምን ያንን ፍሬ እንደጣለች፣ በየትኛው ቀለም ላይ ከእሳት እንዳወረደችው እንጠይቃት፣ እንጻፈውም። የተጻፈውን ወደ ማኅበሩ አምጡት፤ ሰብስበን ለታናናሾቻችን እናስተላልፋለን።

አቦሉ ደርሷል፣ ቅረቡ!