ስለ መንዝ ጓሳና በውስጡ ስለሚኖሩ አራዊት የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችኹ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ምድር ስላለው ስለ ጓሳ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ በመካከሉ ያልፋልና ከእናንተ አንዳንዱ አይቶት ይኾናል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ውርጭ ስለ ኾነ ዛፍ ብዙ አይበቅልበትም። ለመንገደኛ ባዶ መሬት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ባዶ አይደለም። ረግረጉ የምንጭ መነሻ ነው፤ ውሃው ባንድ ወገን ወደ ዓባይ፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳል። አስታም ጅብራም ይታይበታል፤ ስሙን ለስፍራው የሰጠው ግን የጓሳ ሣር ነው።

የሣሩን ጥቅም ለመንዝ ልጅ መንገር ለቀባሪው አረዱት እንዳይኾንብኝ እፈራለኹ። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ እረኛውም በክረምት የሚለብሰው ጌሳ ይሠራበታል። የቀድሞ ሰዎች ግን እንዳሻቸው አያጭዱትም ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ዠምሮ ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቁመው፥ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች አባ ቄራ የሚባል ሹም እየመረጡ፥ ጓሳውን ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በተዘጋበት ዘመን ማጭድም ከብትም አይገባበትም። ይህን ያደረጉት ለአውሬ አዝነው አይደለም፤ ለጣሪያቸውና ለከብታቸው አስበው ነው እንጂ። ኾኖም ሣሩ በተጠበቀ ጊዜ በሥሩ የሚኖረው ኹሉ ዐብሮ ተጠበቀ።

በሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል፤ እነርሱንም ቀይ ቀበሮ ይበላል። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘመዱ ተኵላ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ኹሉ አይገኝም፤ የቀረውም በጠቅላላው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። በመንጋ ይኖራል፤ ድንበሩን በኅብረት ይዞራል፤ ለአደን ግን ብቻውን ይሄዳል።

ጭላዳም እንደዚሁ የአገራችን ብቻ ነው። ሌሊት በገደል ያድራል፤ ቀን ወጥቶ እንደ በግ ሣር ይግጣል። በጓሳ የቆዩ ተመራማሪዎች በ2007 ዓ.ም. እንደ ገለጹት፥ ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ለመያዝ ሲሞክር ከመቶው 25 ጊዜ ያህል ይቀናዋል፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲሞክር ግን ከመቶው 67 ጊዜ ያህል ይቀናዋል። ስለዚህ የጭላዳውን ግልገል ነጥቆ ለመብላት ሲችል ይተወዋል፤ ጭላዳውም አይሸሸውም። እኔ የድንበር ክርክር ስጽፍ የምውል ጸሓፊ ነኝና፥ ይህን ባነበብኹ ጊዜ በአራዊቱ ቀናኹ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የርስቱ ሥርዓት ቀረ፤ ቄሮም ከርሱ ጋራ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ። ዛሬ ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ መርጦ፥ ጠባቂ አቁሞ ይጠብቀዋል።

ቀበሮው በግ ይበላብናል የሚሉ አሉ። ግልገል አልፎ አልፎ መንጠቁ አይካድም፤ ዋናው ቀለቡ ግን የገበሬውን ገብስ የሚያጠፋው አይጥ ነው። እኔን ከበጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውሻችን ነው። እረኛ ውሻውን አስከትሎ ወደ ጓሳ ሲወጣ የዕብድ ውሻ በሽታ ዐብሮት ሊወጣ ይችላል። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ይህ በሽታ ከውሻ ተላልፎ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጀ። የጓሳዎቹ ቍጥር ከባሌዎቹ እጅግ ያነሰ ነውና እንዲህ ያለውን መቅሠፍት አይችሉትም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ውሻ ሊከትብ ወደ ቀበሌው በመጣ ጊዜ፥ አባት በእርሻ ላይ ቢኾን ልጁ ውሻውን ይዞ ይቅረብ። ወደ ጓሳ የሚወጣም እረኛ ውሻውን በቤት አስሮ ይውጣ።

ቡችሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወራት ጕድጓዳቸውን ያገኘ ልጅ እንጨት አይስደድባቸው፤ እናቲቱ ከተደናገጠች አንድ ባንድ በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ጕድጓድ ታዛውራቸዋለችና፥ በውርጭ ሌሊት መንገድ ላይ ሊሞቱባት ይችላሉ።