የዶሮ ቤት የሚበሰብሰው ከእግሩ ነው
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ አናጢ አርሶ አደር አባላችን ያደረጉት ንግግር)







ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሰፊው ገልጸዋል። እኔ ግን አናጢ ነኝና ይዤ የቀረብኩት ስለ ዶሮ ቤት ነው። «በዚህ ትልቅ በዓል ላይ የዶሮ ቤት ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ብዙዎቻችን በብድር የወሰድናቸው ቄቦች የሚያድሩት በዚያ ቤት ነው። ብድሩ ተከፍሎ ሳያልቅ ቤቱ ከፈረሰ ዶሮም የለም፣ እንቁላልም የለም፤ ዕዳው ግን አለ።

ይህን የምናገረው ከራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ባለቤቴ ከማኅበራችን በብድር ሠላሳ ቄብ ወሰደች። እኔም በሰኔ ወር በደረሰን የባሕር ዛፍ ጣውላ ቤት ሠራሁላቸው። ጣውላው ገና እርጥብ ነበር። ቋሚዎቹን በቀጥታ መሬት ውስጥ ቀበርኳቸው፤ ግድግዳውንም ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት። ሲያዩት የሚያብረቀርቅ፣ ጎረቤት የሚያደንቀው ቤት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ግን የታችኛው ጣውላ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈር ጀመር። «ዝናቡ ሲያባራ እጠግነዋለሁ» እያልኩ አቆየሁት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በነሐሴ አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ በዚያችው በበሰበሰች ጣውላ በኩል ገብቶ አሥራ ዘጠኙን ፈጃቸው። ጠዋት ባለቤቴ ምንም አልተናገረችኝም። በእንቁላሉ ሽያጭ የልጆቹን ደብተር ልትገዛ አስባ ነበር። ዕዳውን የከፈልነው በግ ሸጠን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጎረቤቶቼም በርካታ የዶሮ ቤቶች ሠርቻለሁ። የተማርኩትንም በአራት ነጥብ ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እግሩ

እንጨትን የሚያጠፉት ውኃና ምስጥ በአብዛኛው የሚመጡት ከታች ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ መሬት ሲመታ ጭቃ እየረጨ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል ያረጥባል። ስለዚህ ማንኛውም ጣውላ መሬት መንካት የለበትም። ቋሚዎቹን በድንጋይ መሠረት ላይ አቁሙ፤ ወለሉንም ከመሬት ቢያንስ አንድ ክንድ፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። ድንጋይ ምስጥን ፈጽሞ አያግደውም፤ ነገር ግን ምስጡ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ በየሳምንቱ ማፍረስ ነው። በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ አውጡ፤ የተቆራረጠ እንጨትና ፍልጥ በሥሩ አታከማቹ። የቋሚውን ጫፍ በእሳት መለብለብና አመድ መነስነስ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፤ ክፈፉ

የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው ውጭ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብሎ ክፈፍ የሚያሳጥር ሰው ኋላ ሙሉ ግድግዳ ይቀይራል። በግድግዳው ላይ ጣውላውን በአግድም ስትመቱ የላይኛው የታችኛውን እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደርበው፤ ዝናቡ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ይወርዳል።

ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ግን ቤቱ በላስቲክ አይታፈን። የዶሮዋ ትንፋሽና ኩስ የሚያወጡት እርጥበትና የአሞኒያ ሽታ መውጫ ካጣ፣ ዶሮዋ ዓይኗና ሳንባዋ ይታመማል፤ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። የግድግዳው የላይኛው ክፍል ሽቦ ወንፊት ይሁን። ነፋስ በሚያስገባው በኩል ሲያስፈልግ የሚወርድ ጆንያ ስቀሉበት። ዝናብ አይግባ፣ አየር ይግባ።

ሦስተኛ፤ ጣውላው

እርጥብ ጣውላ ቅብ አይቀበልም። ቢቀቡትም ውስጡ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። በተለይ ባሕር ዛፍ በፀሐይ በፍጥነት ከደረቀ ይተረተራል። ስለዚህ በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ደርድሩትና ቢያንስ ሦስት የበጋ ወራት ይቆይ።

አራተኛ፤ ቅቡ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ በመሆኑ ሁላችንም እንሮጥለታለን። ነገር ግን በውስጡ ከባድ ብረቶችና ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። ዶሮ ደግሞ ግድግዳም ቢሆን ሳትጠቅም አታልፍም፤ የጠቀመችውም ወደ እንቁላሉ ሊያልፍ ይችላል። እንቁላሉን የሚበላው የራሳችን ልጅ ነው። እኔ ትቼዋለሁ፤ እናንተም ተዉት።

በምትኩ በአገራችን ሞልቶ የሚበቅለው ተልባ አለን። የተልባ ዘይት ሲደርቅ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል፣ ውኃም ያስወግዳል። ለመጀመሪያው ቅብ ዘይቱን ከአኳራጅ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቅቦች ዘይቱን ብቻ በስሱ ቀቡ፤ የተረፈውንም በጨርቅ ጥረጉ። አንዱ ቅብ በጣት ሲነካ መጣበቁን ሳይተው ሌላው አይደገምም፤ ይህም አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እንጨት ውኃ የሚጠጣው ይበልጡን በተቆረጠው ጫፉ በመሆኑ ጫፉን ደጋግማችሁ አጥግቡት። ሥራው ከእሳት ርቆ ይከናወን። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላልና ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ቀለም የምትመርጡ ለውጭ ግድግዳ የተሠራና እርሳስ የሌለው መሆኑን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የቤቱ ውስጥ ደግሞ ኖራ ይቀባ፤ በስንጥቅ የሚደበቁትን ተባዮች ለመቀነስ ይረዳል። ኖራ ስታሟሙ ዓይናችሁን ጠብቁ። ምንም ብትቀቡ ቅቡ ደርቆ ሽታው ሳይጠፋ ዶሮዎቹን አታስገቡ።

የቅብ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በየዓመቱ በመስከረም ቢላ ይዛችሁ የታችኛውን ጣውላ ወጋ ወጋ እያደረጋችሁ ፈትሹ። ቢላው በቀላሉ የገባበትን በዚያው ወር ቀይሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ክቡራን ኃላፊዎች፤

አንድ ጥያቄ አለኝ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ጣውላውም ቄቡም ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ሰኔ ላይ ነው። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል የዶሮ ቤት ተሠራ» ይባላል፤ ቤቱ የተሠራው ግን በዝናብ፣ በእርጥብ እንጨት ነው። አርሶ አደሩ ዶሮ መጠበቅ ስላልቻለ ሳይሆን በጊዜው ስላልደረሰለት ይከስራል። ስለዚህ ጣውላው በኅዳር ይምጣ፤ ብድሩም የድንጋዩን፣ የክፈፉንና የቅቡን ወጪ ይጨምር። ቄቦቹ የሚሰጡት ቤቱ ታይቶ፣ በቢላ ተወግቶ ካለፈ በኋላ ይሁን። ዩኒየናችንም የተልባ ዘይትን በጅምላ ገዝቶ ለማኅበራት ቢያከፋፍል፣ የአባሉ ተልባም ገበያ ያገኛል።

ባለቤቴ ዛሬም ዶሮ ታረባለች። ቤታቸው በድንጋይ ላይ ቆሞ ስምንተኛ ክረምቱን አልፏል። ማየት የሚፈልግ ቢላውን ይዞ ይምጣ፤ በራችን ክፍት ነው።