ስለ ቅዳሜው ፊልም የተሰጠ አስተያየትና የማኅበሩ ሐሳብ

(ይህ የማኅበራችን ጸሐፊ ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የተጠራነው ስለ ውኃ ወይም ስለ ቦይ አይደለም፤ ስለ አንድ ፊልም ነው። ፊልም ምን ቁም ነገር አለው የሚል ይኖራል። ነገር ግን በዚሁ ፊልም ምክንያት የቅዳሜ ማታው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይዘጋ፣ ቴሌቪዥኑም ይሸጥ የሚል ብዙ አባሎች የፈረሙበት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤታችን ቀርቧል። በሌላ ወገን ወጣቶቹ «ይህ ከተዘጋ ማታ የት እንሂድ?» ይላሉ። የቅዳሜው የሻይ ሽያጭ ደግሞ የለቅሶ ድንኳናችንን የምናስጠግንበት ገንዘብ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ነገሩን በእርጋታ እንየው።

ላላዩት ሰዎች ፊልሙ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልናገር። «ሻርክኔዶ» ይባላል። ስሙ ከሁለት ቃል የተቀጠለ ነው። ሻርክ ማለት ያ ጥርሳሙ የባሕር ዓሣ ነው፤ ቶርኔዶ ማለት ደግሞ እንደ እንዝርት የሚሾር ዐውሎ ነፋስ ነው። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ዐውሎ ነፋስ ይነሣና ሻርኮችን ከባሕር እየጠረገ በሰው ላይ ያዘንባል። በባሕር ዳር መጠጥ ቤት ያለው ፊን የሚባል ሰው የፈታትን ሚስቱንና ልጆቹን ለማዳን ይሯሯጣል። በመጨረሻ ከሄሊኮፕተር ላይ ቦምብ ወደ ነፋሱ ይጣላል፤ ፊንም በሞተር መጋዝ የሻርክ ሆድ ቀዶ ይወጣል። ታሪኩ ይኸው ነው።

ይህን የሠራው ርካሽ ፊልም በመሥራት የሚታወቅ «ዘ አሳይለም» የሚባል ድርጅት ሲሆን ያሳየው ሳይፋይ የተባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። አዘጋጁ አንቶኒ ፌራንቴ፣ ደራሲው ተንደር ሌቪን ናቸው። ወጪው ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ይነገራል። ለእኛ ይህ የማይቆጠር ገንዘብ ነው። በእነሱ አገር ግን አንዳንዱ ትልቅ ፊልም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስለሚፈጅ ይህ የድኻ ፊልም ነው።

ታዲያ በገዛ አገሩ ተመልካቹ ምን አለ? መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2013 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ማለት ነው። በዚያ ማታ ያየው ሰው ወደ 1.4 ሚሊዮን ነበር፤ ይህ ለጣቢያው የሚያስደንቅ ቁጥር አልነበረም። ነገር ግን ያዩት ሰዎች እየሳቁና እየተሳደቡ በስልካቸው በትዊተር ሲጻጻፉ አመሹ። ያላየው ሰው ወሬውን ሰምቶ ምንድነው ብሎ ፈለገ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲደገም 1.9 ሚሊዮን ያህል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሲታይ 2.1 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው። የተደገመ ነገር ተመልካቹ ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር ማየት ያልተለመደ ነው። በዓመቱ የወጣውን ሁለተኛውን ፊልም ደግሞ 3.9 ሚሊዮን ሰው አየው።

አስተያየቱ ግን አንድ አልነበረም። ፊልም መርምረው በጋዜጣ የሚጽፉት ሰዎች አብዛኞቹ ወደዱት፤ ምክንያታቸውም ፊልሙ ራሱን አያከብድም፣ ሊያስቅ መጥቶ ያስቃል የሚል ነበር። ከተራው ተመልካች ግን ብዙው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠው። ቀልድ ነው ያለም፣ ጊዜዬን በላብኝ ያለም ነበር። ሠሪዎቹም የተመልካቹን አፍ ይሰሙ ጀመር። የሁለተኛውን ፊልም ንዑስ ርእስ ከሕዝብ በተሰበሰበ ሐሳብ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ኤፕሪል የምትባለው ሴት ትሙት ወይስ ትዳን ብለው ተመልካቹን ጠየቁ፤ ሕዝቡም ትዳን ስላለ በአራተኛው ተመልሳ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ እ.ኤ.አ. በ2018 በስድስተኛው ፊልም አበቃ።

አሁን ወደ አዳራሻችን ልምጣ። ወጣቶቹ በፍላሽ ያመጡትን ፊልም ያየን ዕለት አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እየቆመ ያስተረጉምልን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን አስተያየት ስም ሳልጠራ ላቅርብ።

በምፅዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አንድ አባታችን «እኔ ሻርክን በቀይ ባሕር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከውኃ ወጥቶ በአየር ላይ ሰው የሚያሳድድ ሻርክ ግን የለም» ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። አናጢው ጎረቤታችን በበኩሉ ሥራው ልኬት የለውም አለ። እዚህ ጋ መንገዱ በጎርፍ ተሞልቷል፣ ዞር ሲሉ ደረቅ ነው፤ እዚህ ጋ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ወዲያው ፀሐይ ነው። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት ደግሞ «እኔ ዓሣውንም ነፋሱንም አላየሁ፤ ያ አባት የፈታት ሚስቱ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲለምን ነው ያየሁት» አሉኝ። ወጣቶቹ በሳቅ ሞቱ።

አምስተኛው አስተያየት ግን አያስቅም። አንዲት እናት የ6 ዓመት ልጃቸው ዝናብ በጣለ ቁጥር አልጋ ሥር እንደሚገባ፣ ሌሊትም እየባነነ እንደሚጮህ እያለቀሱ ነገሩን። ማመልከቻውም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አዳምጬ የደረስኩበት ሐሳብ ይኸ ነው። በትንሽ ገንዘብ የተሠራን ነገር ስንነቅፍ ገንዘብ ያጠረበትን ከሐሳብ ያጠረበት እንለየው። ሻርኩ ሥዕል መምሰሉ የገንዘብ ነው። የሰማዩም ነገር በከፊል የገንዘብ ነው፤ ደመና እስኪመጣ መጠበቅ ቀን ይጨምራል፣ ቀን ደግሞ ብር ነው። በዚህ ማንንም አንስደብ። ማሰብ ግን ሁልጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1975 ስቲቨን ስፒልበርግ ስለ ሻርክ «ጆውስ» የሚባል ፊልም ሲሠራ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረው። እሱም አውሬውን ብዙ ሳያሳይ በውኃው እንቅስቃሴና በሙዚቃ ብቻ ሕዝቡን አስፈራ። ገንዘቡ ከዚህኛው ብዙ ቢበልጥም፣ ያዳነው ግን ዘዴው ነው።

ይህን ለራሳችንም እንያዘው፤ ማኅበራችንም ባለ ትንሽ በጀት ነው። ድንኳናችን የተጣፈ መሆኑ የገንዘብ ነው፤ ለቅሶ የመጣ እንግዳ አይታዘበንም። ሳይደርቅ ተጠቅልሎ ቢሸት ግን የገንዘብ አይደለም፣ የእጅ ነው። አንድ ልጃችን በስልኩ አጭር ፊልም ቀርጾ ሲያሳይ «ብርሃኑ ጨለመ» ብለው የሳቁበት አሉ። ብርሃኑ የገንዘብ ነው። ታሪኩን ነው ልትነግሩት የሚገባው፤ ታሪኩ ሲጠፋበት ዝም ማለት ደግሞ አይጠቅመውም።

የልጁም ጉዳይ በዚሁ ይታያል። ትልልቆቹ የሳቅነው ሻርኩ የውሸት መሆኑን ስላየን ነው። የ6 ዓመት ልጅ ይህን አይለይም፤ ለእሱ ርካሹም ውዱም ፊልም እኩል አውሬ ነው። ስለዚህ ልጁን ያስፈራው የፊልሙ መጥፎነት አይደለም። በጣም ጥሩ ፊልም ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር። ጉዳዩ የበራችን ነው፤ በሩ ላይ ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ማቆም ደግሞ አንድ ብር አያስወጣም።

እኚያ የባሕር ኃይል አባት ይህን ሲሰሙ ወደ ልጁ ቤት ሄደዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሻርክ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ከውኃ ውስጥ ነው፣ ከውኃ ከወጣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል ብለው አስረዱት። በጀበና ውኃና በቅጠል እያሳዩም በውኃ ላይ የሚነሣ ነፋስ ቀላል ነገር ቢያነሣ እንጂ እንደ በሬ የሚከብድ ዓሣ ተሸክሞ ከተማ ለከተማ እንደማይዞር ነገሩት። እናትየው ልጁ አሁን ዝናብ ሲመጣ በመስኮት ያያል ብለውኛል። በሩን ግን ገና አይከፍትም።

ስለዚህ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ የቅዳሜው ፕሮግራም አይዘጋ፣ ቴሌቪዥኑም አይሸጥ።

2ኛ/ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለልጆች የሚሆን ይታይ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ ቢይዘውም አይግባ።

3ኛ/ አንዲት እናትና አንድ ወጣት ተመርጠው የሚታየውን ፊልም አስቀድመው ይዩ።

4ኛ/ ፊልሙ ሲያልቅ መብራት በርቶ ግማሽ ሰዓት አስተያየት ይሰጥ። መጥፎ ነው የሚል ምኑ መጥፎ እንደሆነ ይናገር፤ ጥሩ ነው የሚልም እንዲሁ። ቤት ሄዶ ማማት ለማንም አይጠቅምም።

ማመልከቻውን የፈረማችሁ አባሎች ጠላቶቻችን አይደላችሁም። የልጅ ነገር አሳስቧችሁ ነው፣ ሐሳባችሁም በ2ኛው ተራ ቁጥር ውስጥ አለ። ወጣቶችም ይህን ደንብ እንደ ቅጣት አትዩት፤ በሩን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እዚሁ አዳራሽ ነው። በዚያ ቀን የማይመች አባል ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ይስጥ፤ መጻፍ የማይችል መጥቶ ይንገረኝ፣ እኔ እጽፍለታለሁ።



የማኅበሩ ጸሐፊ