የ16ቱ ሳምንት ኪራይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ሕክምና ሙያ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ የመጣሁት ስለ ገንዘቡ ለመናገር ነው።

እዚህ አሜሪካ ብዙዎቻችን በየቤቱ አረጋውያንን እንንከባከባለን። አንዳንዶቻችሁ ኦኩፔሽናል ቴራፒ አሲስታንት ለመሆን መማር እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። ሥራው ከምታውቁት ብዙም አይርቅም። ተንከባካቢዋ ስትሮክ የመታውን ሰው ታለብሰዋለች። አሲስታንቷ ደግሞ ቴራፒስቱ በሚያወጣው ዕቅድ መሠረት ራሱ እንዲለብስ ታለማምደዋለች፤ መጀመሪያ የደከመው እጅ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ ደህናው ይከተላል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ አላችሁ።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ያህል ይወስዳል። ከመመዝገባችሁ በፊት ፕሮግራሙ አኮት ከሚባለው አካል እውቅና ማግኘቱን አረጋግጡ። እውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የወጣች ለብሔራዊው ፈተና አትቀመጥም፤ ፈተናውን ሳታልፍ ደግሞ የሥራ ፈቃድ አታገኝም።

ለኮሌጁ ክፍያ፣ መስፈርቱን የምታሟላ ሰው ፔል ግራንት መጠየቅ ትችላለች። እኔን የሚያሳስበኝ መጨረሻው ነው። ቢያንስ 16 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የመስክ ልምምድ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። ኪራይ ግን አይጠብቅም። ቀን ልምምድ፣ ሌሊት ፈረቃ፣ ቤት ውስጥ ልጆች፤ የ2 ዓመት ልፋት እዚህ ላይ ሊቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ የብድር ሣጥናችን ለእነዚህ 4 ወራት ገደማ ኪራይ ያበድር እላለሁ። መክፈል የምትጀምረው ፈቃዷን ይዛ ሥራ ስትገባ ይሁን። ለጋሾቻችን «ኪራይ ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት የሆነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሂሳቡን በወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ አሁን አብረን እንየው።