የአየር ንብረት ለውጥና የፍጥረታት ወሰን፤ የአንዲት ቢራቢሮ ጥናትና የመሐንዲሱ ድርሻ



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ቢራቢሮ መናገር ከርእስ መውጣት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ጥናት በባሕርዩ የልኬት ሥራ ነው፤ ያስገኘውም ውጤት መንገዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከተማው እስከ የት እንደሚሰፋ የሚወስነውን ባለሙያ በቀጥታ ይመለከታል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የኤዲት ቼከርስፖት የምትባለው ቢራቢሮ ከሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ጀምሮ የሰሜን አሜሪካን ምዕራባዊ ምድር ተከትላ እስከ ካናዳ ድረስ ትኖራለች። ክንፍ ቢኖራትም ሩቅ ተጓዥ አይደለችም፤ እያንዳንዱ መንጋ በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ ተረተር ተወስኖ ይኖራል። ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት እየያዙ በየሙዚየሙ ሲያስቀምጧት፣ የተያዘችበትን ቦታና ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከመርፌው ጋር ያያይዙ ነበር። እነዚህ ቍራጭ ወረቀቶች በኋላ ምን ያህል ዋጋ እንደሚኖራቸው ከጻፊዎቹ አንዱ እንኳ ያሰበ አይመስልም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ዶክተር ካሚል ፓርሜሳን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያከናወኑት ሥራ ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ግን አድካሚ ነው። ይኸውም የቆየውን መዝገብ ይዘው፣ መንጋዎቹ ይኖሩባቸው የነበሩትን ቦታዎች እየዞሩ «ዛሬም አለች ወይስ ጠፍታለች?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በጥናቱ የተካተቱት መንጋዎች 151 ናቸው። «አለች» ለማለት አንዲት ቢራቢሮ ወይም አንድ አባጨጓሬ ማየት ይበቃል። «የለችም» ለማለት ግን በትክክለኛው ወቅት ተገኝቶ፣ ቢራቢሮዋን ብቻ ሳይሆን እንቍላሉንና አባጨጓሬው የሚያደራውን ድር ጭምር በየቅጠሉ ሥር መፈለግ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው። ሜዳው ታርሶ፣ ቤት ተሠርቶበት ወይም ለምግብ የሚሆነው ተክል ጠፍቶ ከተገኘ ያ ቦታ ከቍጥሩ ይወጣል። በቡልዶዘር የሞተ መንጋ በአየር ንብረት ላይ ምስክር ሊሆን አይችልምና። የጥናቱ ጥንካሬ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ማጣሪያ ላይ ያረፈ ነው።

ውጤቱ በ1996 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ምድሩ ሳይነካ መንጋው የጠፋበት መጠን በደቡብ፣ በሜክሲኮ በኩል፣ በሰሜን በካናዳ በኩል ከታየው 4 እጥፍ ያህል ነበር። በከፍታም ረገድ ከ2,400 ሜትር በላይ የሚኖሩት ከዝቅተኞቹ ይልቅ ጸንተው ተገኝተዋል። በጠቅላላው የዝርያዋ አማካይ መገኛ ከ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ወዲህ 92 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜንና 124 ሜትር ወደ ላይ ተዛውሯል። በዚያው ዘመን በዚያው አህጉር የእኩል ሙቀት መስመሮች 105 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ 105 ሜትር ወደ ላይ ሄደው ነበር። በሁለት ፈጽሞ በማይገናኙ መንገዶች የተለኩ ነገሮች ይህን ያህል ሲቀራረቡ ልኬት የለመደ ሰው በቸልታ አያልፈውም።

ነገር ግን «ተዛውሯል» የሚለው ቃል እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል። ያን ሁሉ መንገድ የበረረች ቢራቢሮ የለችም። የደቡቦቹና የዝቅተኛው ምድር መንጋዎች ሞቱ፣ የሰሜኖቹና የከፍተኛው ምድር ቀሩ፤ አማካዩ የተንቀሳቀሰው በመቀነስ ብቻ ነው። ከአንድ የምሰሶ ረድፍ ከአንደኛው ጫፍ ጥቂቱን ቢነቅሉ የረድፉ የስበት ማእከል ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ከቀሩት ምሰሶዎች ግን አንዱም ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ አንድ ዝርያ ወሰኑን ለወጠ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል፤ በአንደኛው ጫፍ መሞትና በሌላው ጫፍ አዲስ ምድር መያዝ። የመጀመሪያው ያለ ማንም ርዳታ ይፈጸማል። ሁለተኛው ግን የሚያሻግር ምድር ይፈልጋል።

አሟሟቱም ቢሆን ሙቀቱ ራሱ ቢራቢሮዋን ስለሚገድል አይደለም። አባጨጓሬው በበጋው ወራት ከሚተኛው ረጅም እንቅልፍ በፊት የተወሰነ መጠን ላይ መድረስ አለበት። ምግቡ የሆኑት ትንንሽ ተክሎች ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ብዙ አይቈዩም። ዓመቱ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ተክሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ አባጨጓሬውም ሳያድግ በረኀብ ይሞታል። የልዩነቱ ስፋት ጥቂት ቀናት ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀናት ግን ለአንድ መንጋ መጥፋት ይበቃሉ።

ዶክተር ፓርሜሳንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት የአውሮፓ ጥናት ሁለተኛውን ገጽታ አሳየ። ከቦታ ቦታ ከማይፈልሱ 35 የቢራቢሮ ዝርያዎች መካከል 63 በመቶ የሚሆኑት በምዕት ዓመቱ ውስጥ ከ35 እስከ 240 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ሲዘልቁ፣ ወደ ደቡብ የሄዱት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2003 ከኢኮኖሚ ሊቁ ከጋሪ ዮሂ ጋር ከ1,700 በላይ የሆኑ ዝርያዎችን መዝገብ መርምረው፣ ወሰናቸው በየአሥር ዓመቱ በአማካይ 6.1 ኪሎ ሜትር ወደ ዋልታዎቹ እንደሚሄድ አስታወቁ። ሌሎች ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ግምት ደግሞ 16.9 ኪሎ ሜትር፣ በከፍታ 11 ሜትር በመሆኑ ከዚህ የፈጠነ ነው።

ወደ ቢራቢሮዋ እንመለስና፣ ኪኖ የተባለችው የደቡብ ካሊፎርኒያ ወገኗ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር የተመዘገበችው በ1997 ነው። ሙቀቱ ከደቡብ ሲገፋት ወደ ሰሜን መሄድ ነበረባት፤ በሰሜን በኩል ግን የሳን ዲዬጎና የሎስ አንጀለስ ቤቶችና አውራ ጎዳናዎች ተዘርግተዋል። በ2015 የታተመ ጥናት አንዳንድ መንጋዎች ወደ ተራራው ወጥተው በሌላ ተክል ላይ መራባት እንደጀመሩ መስክሯል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ተራራው በጎን ባይገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በሞቃታማው የዓለም ክፍል፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል። ከምድር ወገብ አጠገብ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ቢኬድ ሙቀቱ እምብዛም አይለወጥም፤ 100 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ግን በ0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሸሻው ተራራ ብቻ ነው ማለት ነው። ለአብነት ከ3,000 ሜትር በላይ ብቻ የሚኖር ዝርያና ቁመቱ 4,400 ሜትር የሆነ ሾጣጣ ተራራ ይወሰድ። ሙቀቱ በ3 ዲግሪ ቢጨምር የዝርያው የታችኛው ወሰን ወደ 3,500 ሜትር ይወጣል፤ ቀሪው ቁመት ከ1,400 ወደ 900 ሜትር ይወርዳል፤ ስፋቱ ግን ከቁመቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ የሚተርፈው 41 በመቶ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ የትኛውም ተራራ ትክክለኛ ሾጣጣ አይደለም። በባሌ የሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተንጣለለ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ወሰኑ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ስፋት ይተርፋል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የሚቀሩት ከአምባው በላይ ብቅ ያሉት ጫፎች ብቻ ናቸው። ከአማካይ ቍጥር ይልቅ የከፍታ መስመር ካርታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይገኛሉ። ምግባቸው የሆነው ግዙፍ ፍልፈልም ከባሌ ሌላ አገር የለውም። ከላይ ሰማይ ነው፤ ከታች ደግሞ የሚገፋው ሙቀት ብቻ አይደለም። ቅዝቃዜው ሲቀንስ ገብስ የሚዘራበት ከፍታ ሊጨምር ይችላል፤ ከገበሬው ጋር ከብቱ፣ ከከብቱ ጋር ውሻው ይወጣል። በ2003 በባሌ ቀበሮዎቹን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ በዚህ ንክኪ የመጣ ነው።

ዝርያውን ሰው ራሱ አንሥቶ ወደ አዲስ ቦታ ያሻግረው የሚል ሐሳብም አለ፤ በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ካቀረቡት አንዷ ዶክተር ፓርሜሳን ናቸው። ፕሮሶፒስን በአፋር፣ እንቦጭን በጣና ያየ አገር ከባዕድ ቦታ የመጣ ፍጥረት ምን እንደሚያደርስ ስለሚያውቅ ይህን ሐሳብ በጥርጣሬ ቢመለከተው አይፈረድበትም። በአንድ ተራራ ላይ ከግርጌ እስከ አናት ያልተቈረጠ ምድር መተው ከዚህ ይልቅ ርካሽም አስተማማኝም ነው።

መሐንዲሱ የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። የከፍታ መስመርን ተከትሎ ተራራውን የሚዞር መንገድ ለተሽከርካሪ የተመቸ ነው፤ ወደ ላይ የሚደረገውን ጉዞ ሁሉ የሚያቋርጠውም እርሱ ነው። ከአስፋልቱ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ግራና ቀኙን ተከትሎ የሚሰፍረው ሕዝብና የሚታረሰው መሬት ነው። ቀበሮ መንገድ ያቋርጣል፤ ተከታታይ እርሻና መንደር ግን አያቋርጥም። ይህ ሁሉ የማይለወጥ ዕጣ እንዳልሆነ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ያሳያል። ፓርኩ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ በ2017 ሲወጣ፣ ከተቈጠሩለት እርምጃዎች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውን ትራፊክ ለመቀነስ የተሠራው ተለዋጭ መንገድ ነበር።

ሌላም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ለመንገድና ለግድብ ቅየሳ የሚሰማሩ ቡድኖች ደኑንና ዳገቱን ሜትር በሜትር እየለኩ ይወጣሉ። በአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ከሚዘረዘረው ከእያንዳንዱ ዛፍና እንስሳ ስም አጠገብ የታየበት ከፍታ፣ ቦታውና ቀኑ ቢጻፍ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ያንን መዝገብ ይዞ በዚያው ዳገት ላይ ሊቆምና ጅብራው የት ድረስ እንደወጣ ሊለካ ይችላል።