ከሰሉ ውጭ ይደር

አድማጮቼ፣ ጥር በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከስልኩም ከደብዳቤውም አይጠፋም። ዘንድሮ ቀድማ የጠየቀችው ከዳባት የደወለች መምህርት ናት። በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት ከባልደረቦቿ ጋር ድንኳን ይዘው ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሊወጡ ነው፤ አንዱን ሌሊት ሳንቃበር፣ ሌላውን ጨነቅ ሊያድሩ። ድንኳኑን ተውሰዋል፣ ምስሩና ድንቹ ተገዝቷል። ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው የሚነግራቸውም አላጡም። የቸገራቸው ብርዱ ነው። «በምን እንችለዋለን?» አለችኝ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ደግሞ «ግድ የለም፣ የቡናውን ምድጃ ማታ ማታ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን» ብላ ጨመረች።

የዛሬውን ወግ ያስጻፈኝ ይህ የመጨረሻ ነገሯ ነው።

እህቴ፣ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ በሩ ገርበብ ብሎም ቢሆን አይገባም። «ውጭ በደንብ ነዶ፣ ጭሱ ወጥቶለት፣ ቀልቶ ነው የምናስገባው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየቤቱ የሚባለው ይኸው ነው፤ በየክረምቱ በዜና የምንሰማቸውም፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩት፣ ብዙዎቹ ይህንኑ ያመኑ ናቸው። ጭሱ ወጣ ማለት መርዙ ወጣ ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ፣ አየር አንሶት ሲያንቀላፋ ይብስበታል። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነውና በቀላሉ አይለቅም።

አንድ የመካነ ብርሃን ሰው በዚሁ ነገር ተከራክረውኛል። በቧሂት በኩል ቁልቁል ወደ አገራቸው በሚወርደው መኪና ሲመላለሱ የኖሩ፣ ብርድን ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «እኛ ጎጆ ውስጥ እሳት እያነደድን፣ ከከብት ጋር ተኝተን ነው ያደግነው። ምን ሆንን?» አሉኝ። ክርክራቸው የዋዛ አይደለም። ግን አባቴ፣ የሳር ክዳኑን ቀና ብለው ይዩት። በጥላሸት የጠቆረው ጭሱ በሳሩ መሐል እየሾለከ ሲወጣ ስለኖረ ነው። ጎጆው ይተነፍሳል። እንጨት ደግሞ ሲጨስ ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰውን ከቤት ያስወጣል። ከሰል ዓይን አያስለቅስ፣ አያስል። ድንኳኑም ናይለን ነው፤ ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ጨርቅ፣ ያውም ብርዱን ፈርተን ዚፑን እስከ አፍንጫችን የምንዘጋው፣ ሦስት ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛበት ጠባብ ነገር። እንኳን የምድጃ ፍም፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ ሲያድርበት ጠዋት ውስጡ ውሃ ያንጠባጥባል።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ራሷ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,600 ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሲሶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ አዲስ የወጣ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው፣ ቢደክመው አይገርምም። የከሰሉ መመረዝም ሲጀምር ምልክቱ ያው ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ድብታ። ሰውየው «ከፍታው ነው፣ ጠዋት ይሻለኛል» ብሎ ይተኛል፤ ምድጃው ከእግሩ ሥር ነው። አንድ ድንኳን ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ራሴን ካለ ቆሞ የሚመከርበት ሰዓት አይደለም። መጀመሪያ ሁሉም ይውጣ፣ አየር ያግኝ፤ ራሱን የሳተ ካለ በፍጥነት ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሐኪም።

«ታዲያ በብርድ እንሙት?» ትሉኛላችሁ። አትሞቱም። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግጭ በሚባለው ማደሪያና ጨነቅ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብርዱ ግን ከላይ ይልቅ ከታች፣ ከመሬቱ ነው የሚገባው። ሁለት ብርድ ልብስ ካላችሁ አንዱን ከሥር አንጥፉት፤ ስፖንጅ ወይም ባና ካላችሁ ደግሞ የተሻለ። በላብ የራሰውን ልብስ ከነካልሲው አውልቃችሁ በደረቅ ለውጡ፤ ይህችን ሰው ይንቃታል፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያንቀጠቅጠው ግን እሷ ናት። ራሳችሁን ሸፍኑ። በሶም ሆነ ትኩስ ሾርባ በልታችሁ ተኙ። ከዚያ ከምድጃው የሚሻለው፦ ውሃ አፍሉና ጠንካራ ክዳን ባለው ኮዳ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ያው የከሰሉ ሙቀት ነው፤ መርዙ ውጭ ቀርቶ ሙቀቱ ብቻ ገባ ማለት ነው። አረቄ? ለጊዜው ፊትን ያሞቃል፣ የገላን ሙቀት ግን ወደ ውጭ ያባክናል። ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥቶ በአረቄ የሚተኛ ሰው አይገባኝም።

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ በኩል ሰዓቱን እያሳየኝ ስለሆነ የቀረውን ላሯሩጠው። የመግቢያ ፈቃዱም ስካውት የሚባለው ጠባቂም የሚገኘው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ጠይቁ፣ «አትውጡ» ካሏችሁ አትውጡ። በሦስት ቀን ራስ ዳሸን ደርሰን እንመለስ የምትሉ ወጣቶች፣ ተዉት። ከፍታው የጠናበት ሰው ከድንኳን ወጥቶ ወደ ታች ይውረድ፣ ጠዋትን አይጠብቅ። አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ለማገዶ አትቁረጡ፤ ፓርኩ በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ በእሳት ሲቃጠል አይተናል፣ ከዓለም ቅርስ የአደጋ መዝገብ የወጣውም ገና በ2009 ነበር። ቡና አፍልታችሁ ስትጨርሱ ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ መቀዝቀዙንም በእጃችሁ አረጋግጡ። ያኔ ማንም «ትንሽ ሙቀት ቀርታዋለች» ብሎ አያነሳውም።

አንድ ነገር ሳልል አልወጣም። አብረዋችሁ የሚወጡት በቅሎ ነጂዎች፣ ስካውቱና ምግብ አብሳዩ ብዙ ጊዜ በጋቢ ብቻ ነው የሚያድሩት። እናንተ ተጠቅልላችሁ ስትተኙ ያንን ምድጃ ወደ መኝታቸው የሚጎትቱት እነሱ ናቸው፤ የሚከለክላቸውም የለም። እህቴ መምህርት፣ ለባልደረቦችሽ ብርድ ልብስ ስትቆጥሪ እነሱንም ቁጠሪያቸው፤ የፈላውን ውሃም ለእነሱም አድርሺ።